ሰባት ቁጥር ተይዟል

መንገዱ በተከፈተ በዘጠነኛው ቀን

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ እንዳባራ መንገደኛው ግልብጥ ብሎ መጥቶ ስድስቱም ክፍሎች ሞልተዋል። ሰባተኛውን፣ የእኛን መኝታ ቤት፣ ዘንድሮ አላከራየሁትም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሁለት ሙሽሮች ሻንጣ እየጎተቱ ገቡ። ሙሽሪት የቁልፍ ሰሌዳውን አየችና፣

«ሰባት ቁጥር ይኸው ተሰቅሎ የለ?» አለችኝ።

«ተይዟል።»

«ማን ይዞት?»

«ባለቤቴ። ወጣ ብላ ነው።»

ልብስ አጣቢያችን አንሶላ እንዳቀፈች በሳቅ ፈነዳች። «ኧረ ጋሼ! እትዬ ወጣ ካሉ እኮ ዓመት ሊሞላቸው ነው!»

«አንቺ አንሶላሽን አስጪ» አልኳት። ሙሽሮቹንም ሻንጣቸውን ተሸክሜ ማዶ ካለው ተፎካካሪያችን ዘንድ አደረስኳቸው። ሰውዬው ግንባሬን ዳስሶ፣ «አሞሃል እንዴ?» አለኝ።

አምና ቢሆን አላደርገውም ነበር። እህትሽን ቀብረሽ ስትመለሺ በራችን ላይ ቁጥር በምስማር ተመትቶ፣ አልጋሽ ላይ የማታውቂው ሰው ተኝቶ፣ ነጠላ ጫማሽንም የራሱ አድርጎት አገኘሽ። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ «ባዶ ክፍል ይከራያል፤ ምን ችግር አለው?» አልኩሽ። ሻንጣሽን ሳትፈቺ በመጣሽበት መኪና ተመለስሽ።

ሰሞኑን ማስታወሻ ደብተሬን ገልጬ የዚያን ቀን የጻፍኩትን ፈለግኩ። «ቤቱ ሞልቷል» ይላል። ሌላ ምንም የለም። ስለ እህትሽም፣ ስለ አንቺም አንድ ቃል አልጻፍኩም።

ዛሬ ጠዋት ቁጥሩን ከበሩ ላይ ነቀልኩት። የምስማሩ ቀዳዳ ይታያል፤ ቀለም ልቀባው አልኩና ተውኩት፤ መደበቅ መሰለኝ። አንሶላው ታጥቧል፣ መስኮቱ ተወልውሏል፤ አዲስ ነጠላ ጫማም አልጋው ሥር አለ። እኔ ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ፍራሽ ዘርግቻለሁ። ለወገብ ጥሩ ነው ይላሉ።

ከዚያ በሩን ቆለፍኩት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያሉት ሁለት ቁልፎች የዚያ ክፍል ናቸው፤ ዋናውም ትርፉም። ሌላ የለኝም። ነይ ብዬ አላስጨንቅሽም፤ ቁልፉ ግን ካንቺ ሌላ ማንም እጅ አይገባም።

ለእናትሽ ብርታቱን ይስጥልኝ። አንቺም የትም ብታድሪ እንቅልፍሽ የሰላም ይሁን።

ባለቤትሽ

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ረስቼ። ወፍራሙ ካፖርቴ እዚያው ክፍል ውስጥ ቀርቷል። ትዝ ያለኝ ከቆለፍኩት በኋላ ነው። ብርዱ ደግሞ እየመጣ ነው።