በእናቴ ሩጫ ላይ ስለተነፋው ክላርኔት

ለከተማው ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም ጆሮዎ ደህና ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነኝ። ስለ ሰፈራችን መታደስ ያሠሩትን ፊልም ከወላጆቼ ጋር ሆነን በቴሌቪዥን ተመልክተናል። አራተኛው ደቂቃ ላይ በአንድ እግር ጫማ ቤታችንን ሊያፈርስ ከሚሄደው ማሽን ኋላ የምትሮጠው ሴት እናቴ ናት፤ ለሰጧት ሚና ምስጋናችን ይድረስዎ። ቅር ያሰኙን ነገሮች ግን ጥቂት ናቸው።

፩ኛ፦ በሩጫዋ ላይ ያስገቡት ዘለል ዘለል የሚል ክላርኔት፣ እኔ በሙሽራው አፍንጫ ላይ ኬክ ሲቀባ የማስገባው ነው። ሙያዬ ስለሆነ አደንቃለሁ፤ ያንኑ ምስል ዝግ ባለ ቫዮሊን ቢያጅቡት ተመልካቹ ያለቅስ ነበር፣ ያለ ሙዚቃ ቢተዉት ደግሞ ከመቀመጫው ብድግ ይል ነበር። እርስዎ እንዲስቅ መረጡለት፤ ሳቀም።

፪ኛ፦ ለክላርኔቱ ቦታ ለመልቀቅ የእናቴን ድምፅ አጥፍተዋል። ትል የነበረው «ሰው አለ! ባለቤቴ አልጋ ላይ ነው!» ነበር። አባቴ እግሮቹ አይታዘዙትም። የማሽኑ ሹፌር በሞተሩ ጩኸት ቃሏን ባይሰማም ፊቷን አይቶ አቆመ፤ ያኔ የጓዳው ግድግዳ ወድቆ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ጥርት አድርጎ ከሰማት በኋላ ነው የደመሰሳት።

፫ኛ፦ በተዛወርንበት ግቢ ያሉ ልጆች እናቴን ሲያዩ ዜማውን በአፋቸው ይነፉላታል። ልጆቹን አልቀየማቸውም፣ አስቂኝ ነው ተብለው ነው ያዩት። እሷ ግን ዳቦ ለመግዛት እንኳ ከቤት ከወጣች ሦስት ሳምንት ሆናት። አባቴም ቴሌቪዥኑን ወደ ግድግዳ አዙሩልኝ ብሎናል። በጣም ከፍቶናል፣ ክቡርነትዎ።

ልመናዬ አንዲት ናት፤ ያንን ዐሥራ ሁለት ሰከንድ ያለ ሙዚቃ፣ በራሷ ድምፅ፣ በዚያው ሰዓት አንድ ጊዜ ያሳዩልን።

ሰፊ ትዕግሥትዎንና ከዚያም የሰፋ የሙዚቃ ምርጫዎን እያደነቅሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የሯጯ ልጅ

ማስታወሻ፦ ሪባን ሲቆርጡ የተቀረጹበትን ክፍል ወስጄ ያንኑ ክላርኔት አስገባሁበት። ምንም ማስተካከል አላስፈለገኝም፤ መቀሱ እምቢ ሲልዎት ከምቱ ጋር ልክክ አለ። ላሰራጨው ስል እናቴ አየችው፤ አልሳቀችም። «ተው ልጄ፣ አጥፋው» አለችኝ፤ «የሰውየውም እናት ዳቦ ሊገዙ ይወጡ ይሆናል።»