ተመሳሳይ ስም

የትምወርቄ፣

መካነ ሰላም ላይ ለጥናት የአንድ ክሊኒክን መድኃኒቶች በኮምፒዩተር በየዓይነታቸው እየመደብኩ ነው። ዛሬ የእንቅርትና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ስማቸው ስለሚመሳሰል በአንድ ኮድ ተመዝግበው አገኘሁ። የሚጥል በሽታ ያለባት ሳዲያ በዚያው ኮድ የእንቅርቱን ተቀብላ ወጥታ ነበር። ውጭው ጉም ነው፤ አዳማ ሆነሽ እንዲህ ያለ አይተሽ አታውቂም፤ ፊት ለፊት የቆመ ሰው አይታይም። ስሟን እየጠራሁ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ወደ አቀስታ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ልጇን አቅፋ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ኪኒኑን ዋጥሽው?» አልኳት።

«ቤቴ ስገባ ልውጥ ብዬ ነው። አብሽሪ እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

አስቀየርኩላት። ግን ከእሷ በፊት የተሳሳተውን የወሰዱ አሉ። ነገ ከክሊኒኩ ነርስ ጋር በየቀበሌው ልንፈልጋቸው ነው፤ እንዳንዘገይ እፈራለሁ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን እትዬ ብዙዬን ሳሚልኝ፤ ኪኒናቸውን ስትሰጫቸው ስሙን አንብቢ።

ሄለን