እሺ ያልኩህ ዕለት

ጥር ፭ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.
ደብረ ብርሃን

ውድ ወርቅአገኘሁ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስለማላውቅ ነው፤ ሌላ ነገር አታንብብበት። ሕዝቡ ሁለታችንን እንደራሴ አድርጎ ከመረጠን ጀምሮ በምክር ቤት «እርስዎ» እየተባባልን ከርመናል። ዛሬ ግን «አንተ» እልሃለሁ። በአንድ የኔታ እግር ሥር ተቀምጠን ዳዊት የደገምን፣ በአንድ አለንጋ የተገረፍን ሰዎች ነን፤ ፊታውራሪነትህን ለሚፈሩህ አቆየው። ስለ ጤናህም አልጠይቅህም። የምጠይቅህ ስለ እህትህ ስለ ወለተሐና ጤና ነው፤ እሱንም ቢሆን ካንተ ይልቅ እኔ የማውቀው ይመስለኛል።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ሰኞ የጤናው ሹም ከአዲስ አበባ እንደገና እንደሚመጣ ሰምተሃል። ጥያቄውም ያው የአምናው ነው። አንድ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ከነመድኃኒቱ አለ፤ ቤት ተከራይተን እናስገባዋለን፤ ሁለቱ እንደራሴዎች ብቻ በአንድ ቃል ቦታውን ይንገሩን።

አምና የሆነውን አንተ ለአንኮበር ሰው እንዴት አድርገህ እንደምትተርክ ደርሶኛል። ስለዚህ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያየውን እኔ ልጻፍልህ።

ሽማግሌዎቹ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ተቀምጠዋል፤ ያንተ ሰዎች በመስኮቱ በኩል፣ የእኔዎቹ በበሩ በኩል። እኔ የመጣሁት ድሬሰሩ ከአንኮበር መንገድ እኩሌታ ላይ፣ እኛ አጥቢያ እንዲቀመጥ ልጠይቅ ነበር። ንግግሬን ጽፌ ኪሴ ከትቻለሁ። አንተ ቀደምከኝ። ከቆላ ወባ ይዞት የሚወጣ ሰው አንኮበር ሲደርስ ጉልበቱ እንደሚያልቅ፣ ከዚያ ወዲያ ሂድ ቢሉት ሬሳው እንደሚመለስ ተናገርክ። አልወድህም፤ ግን በደንብ ተናገርክ። ሳዳምጥህ ኪሴ ውስጥ ያለው ንግግር ስህተት መሆኑ ገባኝ። ሰው የተሻለ ነገር ሲሰማ ሐሳቡን ይለውጣል። ምክር ቤት የሚሉት ነገር የቆመው ለዚህ መስሎኝ ነበር።

ተነሥቼ «ፊታውራሪ ያሉት ልክ ነው። አንኮበር ይሁን» አልኩ። ሌላ ነገር አልጨመርኩም።

ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ያንተ ፊት ግን ጠቆረ። አማካሪህ ባላምባራስ ገብረአብ ጎንበስ ብሎ በጆሮህ አንሾካሾከ፤ አንተም ነጠላህን አስተካክለህ እንደገና ተነሣህ።

«ነገሩ እንደገና ይታይ» አልክ።

ሹሙ ግራ ገባው። «አንኮበርን ያቀረቡት እርስዎ አይደሉም እንዴ፣ ፊታውራሪ?»

«እኔ ነኝ። አቶ ዘርአ ዳዊት እስኪቀበሉት ድረስ ጥሩ ነበር።»

ሰው ሳቀ። ያንተም ሰዎች ሳቁ። አንተ ግን ቀልድህን አልነበረም። «እሳቸው ቤይሩት ድረስ ሄደው የተማሩ ሰው ናቸው፤ በከንቱ እሺ አይሉም። ከእሺታው ሥር ያለው ነገር ሳይታወቅ ቃሌን አልሰጥም» ብለህ ተቀመጥክ። ሹሙ ጥቂት ጠበቀ፤ ቦርሳውን ዘጋ፤ ሄደ። ድሬሰሩም ወደ ሌላ አውራጃ ተላከ።

በኋላ እኔ እሺ ያልኩት አንኮበር ላይ መሬት ልገዛ አስቤ እንደሆነ አስወራህ። የቱን መሬት? ከማን? አንድ ሻጭ ጥራልኝ። ከእሺታዬ ሥር እሺታ ብቻ ነበር። አንተ ግን በዕድሜህ ማንንም በእውነት እሺ ብለህ ስለማታውቅ ሌላውም የሚል አልመሰለህም። የማልምርህ በዚህ ነው። ብትቃወመኝ አልከፋም ነበር፤ ተቃውሞ የሥራችን ግማሽ ነው። አንተ የተቃወምከው የራስህን ሐሳብ ነው፤ ያውም እኔ ስለነካሁት።

ከዚያ ክረምት ገባ።

ቃሬዛ በእኛ አገር ከአጥቢያ አጥቢያ በቅብብል እንደሚሄድ ታውቃለህ፤ ቢያንስ ታውቅ ነበር። በሐምሌ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ «ወላድ መጣች፣ ተቀበሉ» የሚል ጩኸት ሰምተን ወጣን። ከአንኮበር በኩል የመጡት ሰዎች ጭቃ በጭቃ ሆነው ቆመዋል። ከጋቢው ሥር ያለችው ወለተሐና ነበረች። የእናትህ የመጨረሻ ልጅ፣ ዳዊት ስንደግም በጀርባችን ያዘልናት። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። የኋላውን የግራ እንጨት እኔ ያዝኩ።

ጥቂት እንደሄድን ከጋቢው ሥር «በስተኋላ የያዘኝ ማነው? ትንፋሹ የሽማግሌ ነው» አለች።

«ዘርአ ዳዊት ነኝ።»

«የወንድሜ ጠላት?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ። የእሱን ቂም በእኔ አይወጡት።»

ከፊት የያዘው ተክለጊዮርጊስ፣ የእኛ አጥቢያ አንጥረኛ፣ ሳይዞር «አይዞሽ እመቤት። ፊታውራሪ እዚህ ቢኖሩና አቶ ዘርአ ዳዊት መሸከማቸውን ቢያዩ ቃሬዛውም እንደገና ይታይ ይሉ ነበር» አላት። ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ምጡ መጣባትና ጥርሷን ነከሰች።

ከወዲያ ያሉት አጥቢያዎችም እያገዙን ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ስንደርስ እሷ ተረፈች። ልጁ መንገድ ላይ ሞቶ ነበር። ሐኪሙ እጁን እየታጠበ «ገና ሲጀምራት አጠገቧ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ» አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። እኔ እየጨረስኩልህ ነው።

በማግሥቱ በመኪና መጣህ። ተሸካሚዎቹን አንድ በአንድ አመሰገንክ። እኔ ዘንድ ስትደርስ ዓይንህን ወደ ጣሪያው አንሥተህ አለፍከኝ። ምስጋናህን ፈልጌ አልነበረም። ወደ ጣሪያው ማየትህን ግን አልረሳሁትም፤ አልረሳውምም።

አሁን ወለተሐና እንደገና ነፍሰ ጡር ናት፤ ለግንቦት ትደርሳለች። ባሏ ነግሮኛል። ላንተ ለመናገር ፈርቶ ለእኔ ነገረኝ፤ የዚህን አገር ፖለቲካ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

ስለዚህ ለሰኞው እንዲህ ቆርጫለሁ። ስቀበልህ የምትሸሽ ከሆነ አልቀበልህም። አንተ አንኮበርን አቅርብ። እኔ እነሣና እቃወምሃለሁ። አንኮበር ብርድ ነው፣ ውሃው ሩቅ ነው፣ የሚከራይ ቤት የለም እላለሁ። ሦስቱም ውሸት ነው፤ መልሳቸውን አሳምረህ ታውቀዋለህ። መልስልኝ። ስለ ቤይሩት ያለህን ሁሉ ተናገር፤ መሬት ሊገዛ ነበርም በል። በመስኮቱ በኩል ያሉት ይሳቁ፤ በበሩ በኩል ያሉትም ይሳቁ። እኔ አንገቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ፤ አንተ አሸንፈኝ። የተሸነፈ ሰው ቃሉን ለአሸናፊው ይሰጣልና ሹሙ ሲጠይቀኝ በጭንቅ «ይሁን» እላለሁ። ቅር እያለኝ የምለው ስለሚመስል የሚጠረጥረኝ፣ የሚፈራኝ አይኖርም። አንድ ቃል ሆንን ማለት ነው።

ይህን በድብቅ ባደርገው ኖሮ ብልሃተኛ እባል ነበር። በግልጽ የምጽፍልህ ከኋላህ የማሴር ሰው ስላልሆንኩ ነው። ደግሞም እንድታውቀው እፈልጋለሁ፤ ያን ዕለት ስታሸንፈኝ፣ ሰው ሲያጨበጭብልህ፣ በአዳራሹ ውስጥ እንዳላሸነፍክ የምናውቅ ሁለት ሰዎች እንኖራለን።

ይህን አንብበህ «ከዚህስ ሥር ምን አለ?» ማለትህ አይቀርም። ባላምባራስን ከመጠየቅህ በፊት ወደ ወለተሐና ቤት ሂድና ደብዳቤውን አንብብላት። ከሥሩ ያለው እሷ ዘንድ ነው። ካነበብክላት በኋላ እንደገና ይታይ የምትል ከሆነ እዚያው፣ እሷ ፊት በል።

በግንቦት ቃሬዛ ቢወጣ የኋላውን የግራ እንጨት እንደገና እይዛለሁ፤ በዚህ አትጠራጠር። ግን ትንፋሼ እሷ እንዳለችው የሽማግሌ ነው፣ መንገዱም ያው ነው።

ታርቀናል ማለት አይደለም። እስከ ሰኞ እግዚአብሔር በጤና ያቆይህ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የድሬሰሩ ሥራ ነው።

ተቃዋሚህ፣
ዘርአ ዳዊት ወልደ ሰንበት