ክላክስ የሚቀሰቅሳቸው ሳጥኖች

ውድ ሩቤሊኖ፣

መጀመሪያ ተቀመጥ፤ ቆመህ የምታነበው አይደለም። ሳጥኖቻችን ሠሩ!

ሻንጣህን አንጠልጥለህ ወደ ከተማ ስትሄድ ያልከኝን አልረሳሁም። "ኦቲሊያ፣ ባትሪ የሚጨርስ ነገር ሰው አያድንም።" እውነትህን ነበር። ሸለቆው ላይ የተከልናቸው፣ ጎርፍ ሲመጣ የሚያስጠነቅቁት የሴንሰር ሳጥኖች መንገደኛ መጣ አልመጣ እያሉ ሌት ተቀን ነቅተው ሲጠብቁ ባትሪያቸው ወር አይሞላም ነበር። ከእሳተ ገሞራው ተራራ የወረደው ጎርፍ መንገዱ ሸለቆውን የሚያቋርጥበትን መሻገሪያ ሲያጥለቀልቅ ሁሉም ባትሪያቸው አልቆ ሞተው ተገኙ። ሰው ባይጎዳም መንደሩ ሳቀብን፤ አንገትህን ደፍተህ መሄድህ አንጀቴን በላኝ። የመንደሩ ኮሚቴም "ደግመው ከሞቱ ተነቅለው ይጣላሉ" አለኝ።

መላው የተገኘው አንተ ከምትጠላው ነገር ነው፤ ከአውቶቡስ ሹፌሩ ከዶን ታንቾ ክላክስ! መንገዱ ለአንድ መኪና ብቻ ስለሚበቃ፣ ከመሻገሪያው በፊት ያለው ኩርባ ላይ ሹፌር ሁሉ ሦስት ጊዜ ክላክስ ያደርጋል። አንተማ ጆሮህን ትደፍን ነበር። አንድ ጠዋት በዚያው ጩኸት ባንኜ እየተራገምኩ ሳለ ድንገት "እኔን ከቀሰቀሰኝ እነሱንስ?" አልኩ። አሁን ሳጥኖቹ ጭልጥ ብለው ይተኛሉ። የማይተኛው ጆሯቸው፣ ማይክሮፎኑ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚበላው ባትሪ ይህ ነው አይባልም። ሦስቱን ክላክስ ሲሰሙ ይነቃሉ፣ ከላይ ያለው ለታችኛው የውሃውን ነገር ይነግረዋል፣ ታችኛው አውቶቡሱ መስታወት ሥር ወዳለችው መብራት ይልካል፤ ጎርፍ እየመጣ ከሆነ መብራቷ ቀይ ትሆናለች፤ ከዚያ ተመልሰው መተኛት ነው። የዝናቡ ወራት ሊያልቅ ነው፣ ባትሪው ግን ገና ነው። የዶን ታንቾ ልጅ ሠርግ ቀን ብቻ አጀቡ ሲያንባርቅ ውሎ እንቅልፍ አሳጣቸው!

ሐሙስ ከሰዓት አውቶቡሱ ውስጥ ነበርኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ዶን ታንቾ ሦስቴ ክላክስ አደረጉ፤ መብራቷ ቀይ ሆነች።

"ምን ሆናለች ይቺ?" አሉ። "ጠብ ያለ ዝናብ የለ! ተኝታ ስትቃዥ ነው።"

"ንዳው እንጂ አንተ ሰውዬ!" ብለው ዶኛ ቺላ የቲማቲም ቅርጫታቸውን እንደታቀፉ ጮኹ። "ገበያው እስኪበተን ልትጎልተን ነው?"

"ዶን ታንቾ፣ በልጅዎ ይሁንብዎት፣ ትንሽ ብቻ ይታገሱ" አልኳቸው።

"በይ እሺ አንቺ ልጅ። ጎርፉ ካልመጣ ግን ቲማቲሙን የምትሸጪው አንቺ ነሽ!" ብለው ሞተሩን አጠፉ።

ሩቤሊኖ፣ መጀመሪያ የሰማነው ድምፁን ነው። ቀጥሎ ቤት የሚያክል ድንጋይ ከነጭቃው፣ እኛ ልንሆን በነበረበት ቦታ ላይ አለፈ። ለካ ተራራው ጫፍ ላይ ዘንቧል። ዶኛ ቺላ ፊቴን ሳያዩ አንድ ቲማቲም እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ አጠገቤ ባለመኖርህም ተናደድኩብህ።

አሁን ወተት የሚያመላልሱት ሞተረኞች ሳይቀሩ "ለእኛም መብራቷን!" እያሉ በሬን ያንኳኳሉ። ብቻዬን አልችለውም። አልዋሽህም፣ ብችለውም ብቻዬን አልፈልገውም።

ቅዳሜ በዶን ታንቾ አውቶቡስ ና። ኩርባው ላይ ስትደርሱ ጆሮህን እንዳትደፍን። መብራቷ ቀይ ከሆነች ታግሠህ ጠብቅ፤ እኔም እዚህ ማዶ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

ያንተው ኦቲሊያ