በእጄ ያጎረስኳቸው

ይድረስ ለእጮኛዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? የሴቡ ከተማ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ሆቴላችሁ እዚያ የሰጠህ ክፍል ይመቻል? ሹመቱንስ ለመድከው? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ስልክህን የማላነሳው ታምሜ አይደለም። ድምፅህን ብሰማ ያስመልሰኛል ብዬ ስለፈራሁ ነው። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

አንተ በጀልባ የሄድክ ዕለት እዚህ የሆነውን ከሰው ሳትሰማ አትቀርም። ከእኔም ስማው።

ያን ጠዋት ዓሣዬን ለነጋዴዎቹ አስረክቤ እንደጨረስኩ፣ ማታውን ያመጣህልኝን ባልዲ ይዤ ወደ ወደቡ ወረድኩ። ደስታዬን እንዴት ልንገርህ! ወደብ ላይ የምመግባቸውን ውሾቼን ባየህ ቁጥር አፍንጫህን የምትይዝ ሰው፣ «እንኪ፣ ለልጆችሽ ነው፤ ሰርጋችን ሲደርስ እነሱም ይደሰቱ እንጂ» ብለህ ባልዲ ሙሉ የተፈጨ ሥጋ ስታቀብለኝ፣ ይሄ ሰው በእውነት ወዶኛል ብዬ ነበር። ጋሽ ኪሪኖ መረቡን እየጠገነ፣ «ዛሬማ ውሾችሽ ከእኔ በልጠው ሊበሉ ነው! እኔንም አንዱ አድርጊኝና አንድ ጭልፋ ጣል አድርጊልኝ» ብሎ ቀለደብኝ። «የእጮኛዬ ስጦታ ነው፣ አይነካም!» አልኩት እየሳቅኩ። እግዜር ነው ያወጣው።

መቼም ታውቃቸዋለህ፤ ከማንም እጅ አይበሉም። ድንጋይና የፈላ ውሃ ሰውን መፍራት አስተምሯቸዋል። ያንተው ሆቴል ሠራተኞች በአጥር በኩል የሚወረውሩላቸውን ሁሉ አሽትተው ጥለውት ይሄዱ ነበር። ከእኔ እጅ ግን ይበላሉ። ጉልበተኛው የደካማውን እንዳይነጥቅ ሁሉንም በተራ አጎረስኳቸው። ፑቶልን፣ ያን ጅራቱን በቆንጨራ የቆረጡትን፣ እግሬ ላይ አስቀምጬ አበላሁት። ብላኪን የምታጠባ ናት ብዬ እጥፍ ሰጠኋት። መዳፌን ላሰችኝ።

እጄን ታጥቤ ባልዲውን ሳላጥብ ፑቶል መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አረፋ፣ ደም፣ አረንጓዴ ትውከት። የሚሮጡ መስሏቸው ተኝተው አሸዋውን በእግራቸው ይቧጥጣሉ። ዝንቡ ገና ነፍሳቸው ሳትወጣ ዓይናቸው ላይ ሰፈረ። ሽታው እስካሁን ከፀጉሬ አልወጣም፤ የለበስኩትን ቀሚስ አቃጥዬዋለሁ። ግን የሚያስጠላው እሱ እንዳይመስልህ። የሚያስጠላው የሆቴሉ ሠራተኞች ማንም ሳይጠራቸው ጆንያ ይዘው መምጣታቸው ነው። ጆንያው ተዘጋጅቶ፣ ጓንት አድርገው! ሥራ አስኪያጇ ሽቶ የነካ መሐረብ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ «ቶሎ በሉ እንጂ፣ እንግዶቹ ቁርስ ላይ ናቸው» ትላቸዋለች። አንዱ ብላኪን ገና እየተነፈሰች በኋላ እግሯ ጎትቶ ጆንያ ሊከታት ሲል ነጠቅኩት። «እብድ ናት እንዴ ይቺ?» አለ። ፊቱ ላይ ተፋሁበት። አይቆጨኝም።

ብላኪ ጭኔ ላይ ሞተች። ፑቶልን የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ፍሎርዴሊሳ በሞተር ደርሳ መርፌ ወጋችው፤ አልተረፈም። ከዚያ ባልዲውን አሸተተችና ፊቷ ተለወጠ። ለሩዝ ማሳ የሚረጭ የተባይ መርዝ ነው አለችኝ። በባዶ እጄ ነክቼው እንደሆነ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ ግን ታጥቤያለሁ» አልኳት። «እንኳን ታጠብሽ! ሳትታጠቢ ዓይንሽን ወይ አፍሽን ነክተሽ ቢሆን አንቺም እዚሁ ትወድቂ ነበር» አለችኝ።

እኔ እኮ ዓሣ ሻጭ ነኝ። እጄን ባሕር ውስጥ ነክሬ ቀሚሴ ላይ የምጠርግ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን በሳሙና ደጋግሜ ታጥቤ ነበር። ለምን እንደታጠብኩ ያስታወስኩት ያኔ ነው። ባልዲውን ሰጥተኸኝ ከሄድክ በኋላ ከመንገድ ተመልሰህ፣ እጄን ይዘህ፣ «አብልተሽ ስትጨርሺ በሳሙና ደህና አድርገሽ ታጠቢ፣ እሺ? እስክትታጠቢ ፊትሽን እንዳትነኪ» አልከኝና መዳፌን ሳምከው። እኔ ሞኟ ደግሞ ለሙሽራ እጅ የተጨነቅክልኝ መስሎኝ ነበር። ሹመትህም በምን እንደተገዛ ያኔ ገባኝ።

ሰፈሩ ሁሉ በጋሽ ኪሪኖ ላይ ተነሳ። ውሾቹ ዓሣውን ሲሰርቁት ይራገም ስለነበር፣ «ከእሱ ሌላ ማን ያደርገዋል!» ብለው ጣሪያውን በድንጋይ ደበደቡት። ሽማግሌው ጠረጴዛ ሥር ተደብቆ አለቀሰ። ያንተን ስም ሳላነሳ፣ የማላውቅ መስዬ ብቀመጥ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ቤታችን፣ ሰርጋችን፣ ሁሉም እንደነበረ ይቀጥል ነበር። ግን አላደረግኩትም። ባልዲውን ይዤ ወደ ሰፈሩ ሊቀ መንበር ሄድኩና ማን እንደሰጠኝ ነገርኩት። ዶክተሯም ቃሏን ሰጠች። መጥሪያው በቅርቡ ይደርስሃል። ጋሽ ኪሪኖን ሰዎቹ ይቅርታ ጠይቀውታል፤ እሱ ግን አሁንም በሩን ከውስጥ ነው የሚቆልፈው።

የብላኪ ቡችሎች ከሥጋው ስላልቀመሱ ተርፈዋል። ዓይናቸው ገና አልተገለጠም። ወተት በጠብታ እየሰጠሁ አሳድጋቸዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ግን እነሱንም መንካት አቃተኝ። በየትኛው እጄ ልንካቸው? እጄን አይቼ ፊቴን የማዞርበት ጊዜ ነበር።

ያኔ ነው እናትህ የመጣችው። በር ላይ ቆማ ቡችሎቹን ስታይ ቆየችና፣ «ሥጋውን የፈጨሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ለሙሽራዋ ውሾች ነው ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነጭ ሽንኩርት ሁሉ ጨመርኩበት። ከዚያ ጓሮ ይዞት ገባ፤ ምን ሊሠራ ነው ብዬ አልጠየቅኩትም።» ቀለበትህን ሰጠኋት። ተቀብላ ኪሷ ከተተችውና ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ «በይ ወተቱን አቀብዪኝ፤ ይሄ ትንሹ እየበረደው ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤቷ አልተመለሰችም። ልብሷን አምጥቼላታለሁ። ስለ እሷ አታስብ፤ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ቡችሎቹን ጉያዋ ውስጥ ታሞቃለች።

ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናት። «ሰላም ብላሃለች ብዬ ልጻፍለት?» ብዬ ጠየቅኳት። ከቡችላው ቀና ሳትል «ለማን?» አለችኝ።

እግዚአብሔር ጤናህን ይጠብቅልህ። ልቦናም ይስጥህ።

ሚስትህ ልትሆን የነበረችው