አባባ ደም ያስመለሰው ሰሞን

ለውድ ወንድሜ ለሳምሶን፣

እንደምን ከርመሃል ወንድምዓለም? ጤናህስ? ሃና እንዴት ናት? ኢያኤልስ አደገልን? የደርባኑ ሱቅህስ ሰላም ነው? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ብዬ ለመጻፍ የበቃሁት ግን ገና አሁን ነው። በስልክ ልነግርህ ስል እንባ እየቀደመኝ ነው ወረቀት ያነሳሁት፤ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ።

አባባ ባለፈው ሳምንት ከገረሴ ገበያ እንደተመለሰ ደም አስመለሰው። አጎታችን ካሱ መኪና ለምኖ አርባ ምንጭ ሲያደርሰው ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ሐኪሞቹ ደም ሰጡትና፣ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፉ አስገብተን የሚደማውን ቦታ እናያለን፣ እስከዚያ ምንም እንዳይቀምስ አሉን። መሣሪያው እዚህ ባይኖር ሩቅ መንገድ አይችልም ነበር።

እማዬን ታውቃታለህ። ያን ያህል ደም የፈሰሰው ሰው ያለ ቡላ እንዴት ነፍስ ይዘራል ብላ፣ እኔ መድኃኒት ልገዛ ስወጣ ቅቤ የጠገበ የቡላ ገንፎ በነጠላዋ ሸፍና አስገብታ አጎረሰችው። እሱስ መቼ እምቢ ብሏት ያውቃል። ሐኪሟ ቱቦውን ብታስገባ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቡላ ብቻ ሆነ። ወደ ሳንባው ቢገባ ኖሮ እዚያው ታንቆ ይቀር ነበር አለችን። በዚያው ቱቦ ውኃ እየረጨች፣ መልሳ እየመጠጠች ስታጥብ ቆይታ የሚደማውን ደም ሥር አገኘችው፤ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ባለች ትንሽዬ ብረት ያዘችውና ደሙ ቆመ። እማዬ በሐፍረት ቀና ማለት አቅቷት ነበር። ሐኪሟ ግን እጇን ይዛ፣ ቡላው አይከፋም እናቴ፣ ሲሻላቸው ያበሏቸዋል አለቻት።

አሁን የከበደኝን ልንገርህ። ጨጓራውን ያቆሰለው ለጉልበቱ የምትልክለት የሕመም ማስታገሻ ነው። ልጄ የላከልኝ ነው እያለ በባዶ ሆዱ ጠዋት ማታ ሲውጠው ከርሟል። አንተ በደግነት ነው የላክኸው፤ ማንም አይወቅስህም። እንዲያውም አባባ ለሳምሶን እንዳትነግሪው፣ ሆዱ ይባባል ብሎ አደራ ብሎኛል። አደራውን የበላሁት ቸግሮኝ ነው። ደግሞ ከዋጠ ላይተርፍ ይችላል ተብለናል፤ እሱ ግን ከሆስፒታል ወጥቶ ሴቻ እኔ ቤት ተኝቶ የቀረውን ክኒን ትራሱ ሥር ደብቆታል። እማዬ ለመነችው፣ እኔ አለቀስኩ፣ ካሱ ተቆጣው፤ ወይ ፍንክች። የሚሰማው አንተን ብቻ ነው።

ሃናን አቅፈህ ሳምልኝ፤ የኢያኤልን ጉንጭ አክስትህ ናት ብለህ ሳምልኝ። እማዬ በጸሎቷ አትረሳህም። ካሱም ሰላም ብሎሃል። አባባ ደግሞ፣ ልጄ የላከው መድኃኒት ፍቱን ነው፣ እየጨረስኩት ነው በይልኝ ብሎሃል።

ሳሚዬ፣ ዛሬውኑ ደውልለት።

እህትህ ቤተል
ሴቻ፣ አርባ ምንጭ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.