ከአባቴ አገጭ ላይ ሪባኑን ስለማንሳት

ለተከበሩ ወይዘሮ ሎሬይን ቲክነር፣ የዋሪንዳ የእርሻ ትርኢት ኮሚቴ ጸሐፊ

ክብርት ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎ፣ የቢሮዎ ማሞቂያም በዚህ የሰኔ ውርጭ እንዳይከዳዎ እመኛለሁ። ሁለት ጊዜ ደጃፍዎ ድረስ መጥቼ ማንኳኳት አቅቶኝ ስለተመለስኩ፣ በከተማችን ጋዜጣ መጻፉን መርጫለሁ።

አንደኛ፣ ምስጋና። ባለፈው ጥቅምት ፎቶዬን ያስገባሁት «ተራ የኪስ ካሜራ» በሚለው ምድብ ነበር። ካሜራዬ አባቴ ለአሥራ አራተኛ ልደቴ የገዛልኝ፣ ሁሉን በራሱ የሚወስን፣ እኔን ምንም የማይጠይቅ ዕቃ ነው። ረዳትዎ ግን ፎቶውን አይተው «ይሄ እንኳ ሆን ተብሎ የደበዘዘ ነው» በማለት «የላቀ የኪስ ካሜራ» ወደሚለው አዛወሩልኝ። ዳኛውም «በዚህ ዓይነት ካሜራ እንዲህ መደብዘዝ ይቅር አይባልም» ብለው ጻፉበት። ውድ ዕቃ አላት ተብዬ ስጠረጠር የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ዳኛው ልክ ናቸው፤ ፎቶው ደብዝዟል። የበግ መሸለቻው ቤት ጨለማ ነው። አባቴ ከሚሸልታት በግ ላይ ቀና ብሎ «ብሮንቴ፣ ቶሎ በይ እንጂ፣ በጓ እንደኔ ታጋሽ አይደለችም» አለና ሳቀ። ቁልፉን ተጫንኩ። የእኔ ካሜራ ሲጫኑት መጀመሪያ ያስባል። አስቦ ሲጨርስ አባቴ ጎንበስ ብሏል፤ ያለኝ ጀርባው ነው። አጠገቤ የቆሙት የተሸለተውን ጠጉር በየጥራቱ የሚለዩት አቶ መርቭ አስቲል ናቸው። የእሳቸውም ካሜራ ኪስ ይገባል፤ ነገር ግን ሌንሱ ሰፊ ነው፣ በጨለማ ያያል፣ በተጫኑት ቅጽበትም ያነሳል። ሳቁን ያገኙት እሳቸው ናቸው። በትርኢቱ አንደኛ ሲወጡ አጨብጭቤያለሁ።

ሦስተኛ፣ አባቴ በኅዳር ሞተ። እሱ ሲስቅ የሚያሳይ ሌላ ፎቶ ቤታችን የለም። አቶ መርቭን ፎቶውን እንዲሰጡኝ ስለምናቸው አንገታቸውን ደፍተው «አንቺ ልጅ፣ ምን ልበልሽ፤ የካሜራውን ካርድ አጥፍቼ ግልገሎች አነሳሁበት። የቀረው ኮሚቴው ጋ ያለው ብቻ ነው» አሉኝ። ለእርስዎ ጻፍኩ። እርስዎም እናቴን ገበያ አግኝተው «ውዴ፣ ያሸነፈ ፎቶ የኮሚቴው ንብረት ነው፤ ለአንዷ ከሰጠን ሁሉም ይመጣል፤ ቢሆንም እንነጋገርበታለን» ብለው በትሕትና መለሱ። ሁሉም የተባለው ማን እንደሆነ ብዙ አሰብኩ። አባቴ ያለችው አንድ ልጅ እኔ ነኝ።

ፎቶው ከውኃ ማፍያዎ በላይ መሰቀሉን በቢሮዎ መስኮት አይቻለሁ። ስለ ክብሩ እናመሰግናለን። ሰማያዊው የአንደኝነት ሪባን ግን የተሰካው አገጩ ላይ ነው። እዚያ ጋ የመሸለቻ መቀስ የተወው ጠባሳ አለ፤ ሲስቅ ወደ ጎን ይሳባል። ሽልማት አልጠየቅኩም። ፎቶውን ለአንድ ቀን ያውሱኝ፤ ቅጂ አስነስቼ ልመልስ። ይህም ደንቡን የሚያናጋ ከሆነ፣ ሪባኑን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ። እኔ ከውጭ ሆኜ አያለሁ፤ አላንኳኳም።

ድምፄ ጮክ ብሎ እንዳይረብሽዎ በወረቀት የመጣሁት፣ የሸላቹ የኪት ሃዶው ልጅ፣ በታላቅ አክብሮት፣
ብሮንቴ ሃዶው

ማስታወሻ፦ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከጻፍኩልዎ ሰባት ወር ሆነ። ካሜራዬ የዘገየው አንድ ሰከንድ ነበር፤ ከእሱ የባሰ ዘገምተኛ በዓለም ላይ የለም ብዬ ስወቅሰው ኖሬያለሁ። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።